የሦስቱ መዘውሮች ቀጠሮ

ሰዓት ሠሪዋ ቁጥሩን ያገኘችው እያስነጠሰች ነው።

እናቷ ቤቱን ለቅቃ ትልቁ ልጇ ጋ ልትገባ አንድ ሳምንት ቀርቷት ነበር። ዕቃው በካርቶን ታሽጓል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ የቀረው ሳሎን ግድግዳ ላይ በአራት ብሎን የታሰረው የአባትየው ሰዓት ብቻ ነው። ቁመቱ የሰው ያህል ስለሆነ ካልተፈታታ አይወርድም። ልጅቷ ካቻቢቴዋን ይዛ የጎኑን መዝጊያ ከፈተችና እፍ ብትል የስንት ዓመት አቧራ ፊቷ ላይ ቦነነ። አስነጥሳ አስነጥሳ ዓይኗን ስትገልጥ፣ ከውስጥ በኩል ናሱ ላይ በመርፌ የተጫረ ቁጥር አየች፦ 290177። ከሥሩ ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ እሷ በተወለደች በሳምንቱ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት።

«የሎተሪ ቁጥር ነው!» አለ ወንድሟ ከኋላዋ ተንጠራርቶ። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ረጅም መንገድ ብቻውን ሲነዳ ስለሚውል ያየውን ቁጥር ሁሉ ሎተሪ ያደርገዋል። «ሀብታም ሆነን ሳናውቀው ኖረናል! ይኼ ሰውዬ ይህንንም ሳይነግረን ሞተ?»

«ምን ነግሮን ያውቃል?» አለች እናት ከማድ ቤት። ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር።

እውነቷን ነው። ባሏን ሰፈሩ «ቁልፎ» ነበር የሚለው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የቁልፎ አፍ ግን እንኳን ለዝንብ ለአየርም በልመና ነው የሚከፈተው። ደንበኛ የተበላሸ ሰዓት ሲያመጣለት ሁለት ጣት ያሳየዋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ና ማለት ነው። በዚያው ተግባብተው ይለያያሉ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ ስትታመም ራስጌዋ ቁጭ ብሎ ያድራል፣ ጫማዋ ሳይቀደድ አስቀድሞ ያስጠግናል፣ ከሳህኑ ጥሩ ጥሩውን ወደ እሷ ይገፋል። ሴትየዋ የጎደላት ቃል ብቻ ነበር።

ታሪኩን ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል፤ እናት ሆድ በባሳት ቁጥር የምታነሣው እሱን ነው። ሁለተኛዋን ልጅ ወልዳ ተኝታ ሳለ ባሏን «ለመሆኑ ትወደኛለህ?» ብላ ጠየቀችው። ቁልፎ ደነገጠ። ጆሮው ቀላ። ኮፍያውን አንሥቶ ውልቅ አለ። ሳምንት ሙሉ ሱቁ ውስጥ ተከርችሞ ሰንብቶ ይህን ሰዓት በጋሪ አስጭኖ መጣና ግድግዳው ላይ አሰረው። ከፊቱ፣ ከቁጥሮቹ በላይ፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል በር አለችው። እናት «መልሴስ?» ስትለው በሯን በጣቱ አሳያትና «ቀኑ ሲደርስ እሱ ይነግርሻል» አለ። አራት ቃል! ለእሱ ንግግር ማድረግ ነው።

ቀኑ ግን አልደረሰም። በሯ አንድም ጊዜ ተከፍታ አታውቅም። ወንድምየው በልጅነቱ ውስጧ ወፍ አለች ብሎ በሚስማር ሊፈለቅቃት ሲል ጆሮውን ተቆንጥጧል፤ እስከ ዛሬ «ወፏ በረሃብ ሞታለች» ይላል። ቁልፎም ከሞተ ስምንት ዓመት አለፈው። እናት አሁን ሰዓቱን «ለፈለገ ስጡት» ብላለች። «እኔ ከእንግዲህ ሌላ ዲዳ ይዤ አልዞርም።»

ሰዓት ሠሪዋ ግን ቁጥሩን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ ወጣች። አባቷ አንድ ልማድ ነበረው። ሰዓት ሠርቶ ሲጨርስ የመዘውሮቹን ጥርስ ይቆጥራል፣ እርስ በርስ ያባዛቸዋል፣ ውጤቱን ከውስጥ ይጭረዋል፤ ወደፊት የሚጠግነው ሰው አንድ ጥርስ ቢጎድል እንኳ እንዲያውቅ ብሎ ነው። ሱቁን ከነልማዱ የወረሰችው እሷ ናት። ስለዚህ 290177 የሎተሪ ቁጥር አይደለም፣ የጥርስ ቁጥር ነው።

በማግስቱ ሱቋ ውስጥ፣ በአንድ እጇ የደንበኛ ሰዓት ባትሪ እየቀየረች፣ ቁጥሩን ትበታትነው ጀመር። መጨረሻው ሰባት ስለሆነ በሁለትም በአምስትም አይካፈልም። ስድስቱን አኃዝ ብትደምር ሃያ ስድስት ስለሚመጣ በሦስትም እንቢ አለ። በሰባት ሞከረች፤ ስድስት ተረፈ። በአሥራ አንድ፤ ስምንት ተረፈ። በአሥራ ሦስት፤ አራት ተረፈ። በአሥራ ሰባት፣ በአሥራ ዘጠኝ፣ በሃያ ሦስት... ሁልጊዜ አንድ የምትተርፍ ነገር አትጠፋም።

«እትዬ፣ ይኼ ቁጥር ቁርጥ አባቴን ነው» አለች፣ ሱቁን ለምትጋራት ልብስ ሰፊ። «በየትኛውም በኩል ቢነኩት አይከፈትም።»

«ተይው ታዲያ» አለች ልብስ ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። «የማይካፈል ነገር ወራሽ አያጣላም።»

አልተወችውም። ስልሳ አንድ ላይ ስትደርስ ስልኳ ያለምንም ነጥብና ኮተት ንጹሕ ቁጥር አወጣላት፦ 4757። 4757ን ደግሞ ስትቀጥልበት ስልሳ ሰባት ጊዜ ሰባ አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሰባት፣ ሰባ አንድ። ሦስቱም ከአንድና ከራሳቸው በቀር ማንም የማይከፍላቸው፣ ትምህርት ቤት «ብቸኛ ቁጥር» ተብለው የተማረቻቸው ግትሮች ናቸው። ደንበኛዋን «ነገ ና» ብላ በሁለት ጣት አሰናበተችው፤ ሰውየው በሁለት ጣት የተባለው ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ ሳይገባው ወጣ።

እናቷ ቤት ደርሳ ባትሪ አበራችና ቆጠረች። ከትንሿ በር ጀርባ ሦስት መዘውሮች ተደርድረዋል፤ ጥርሳቸው ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሰባትና ሰባ አንድ። ሰዓቱ በደወለ ቁጥር ሦስቱም አንድ አንድ ጥርስ ይራመዳሉ። እያንዳንዱ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ፣ ከነጥቧ ሥር ደግሞ ስንጥቅ አለ። ሦስቱ ነጥቦች አንድ ላይ አናት ላይ ሲገጥሙ ብቻ የበሯ መቀርቀሪያ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና በሯ ትከፈታለች። እስከዚያ ግን ብትጮህባትም አትሰማህም።

«ጋሼ፣ እስቲ ስማኝ» አለችው ወንድሟን። «ሦስት ሹፌሮች አሉ እንበል። አንዱ በየስልሳ አንድ ቀኑ መናኸሪያ ይመለሳል፣ ሌላው በየስልሳ ሰባት፣ ሦስተኛው በየሰባ አንድ። ዛሬ አብረው ምሳ በልተው ተለያዩ። እንደገና ሦስቱም የሚገናኙት መቼ ነው?»

«ሹፌር ከሆኑማ አይገናኙም። የአንዱ ጎማ ይፈነዳል።»

«ባይፈነዳስ!»

«እኔ እንጃ። ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሰባት ቀን። የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አቋራጭ የላቸውም። እዚህ ደግሞ በቀን ፈንታ ሰዓት አድርገው።»

መዘውሮቹን ሁሉ ባለስልሳ ጥርስ ቢያደርጋቸው ኖሮ በሯ በየሁለት ቀን ተኩሉ ትከፈት ነበር። ቁልፎ ደግሞ በየሁለት ቀን ተኩሉ አፍ የሚከፍት ሰው አይደለም። የማይስማሙ ቁጥሮች መርጦ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከሠላሳ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ከአንድ ሳምንት በኋላ እንዲናገርለት አደረገ። ልጅቷ ይህን ስታስበው ሳቋ መጣ። እንዲህም ተደርጎ ይታፈራል!

ነጥቦቹ ገጥመው ሰዓቱ ከተነሣበት፣ ከቁጥሩ ሥር ከተጻፈው ቀንና ሰዓት ጀምራ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ አንድ ካርቶን ላይ ዘፍ አለች። ቀኑ የሚውለው በመጪው ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ዕቃውን የሚጭነው መኪና የሚነሣው ዓርብ ጧት ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ ሰዓት ቆሞ ያውቃል?»

የእናት እጅ ሳህኑ ላይ ትንሽ ዘገየ። «ቆሞ? በአባትሽ ቤት? ሰማይ ቢደፋ!»

መልሱ አላስገረማትም። የቁልፎ ቤት ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛ፣ የሚሠራ ሰዓት አይቆምም። ሁለተኛ፣ ድንገት ቆሞ ከተገኘ ጠቋሚው በጣት አይገፋም፤ እውነተኛው ሰዓት ዞሮ እስኪደርስበት ተጠብቆ ይለቀቃል። ልጆቹ ከጸሎት እኩል ነው የተማሩት።

እናት ሳምንቱን ሙሉ «እኔ ምን አገባኝ» ስትል ከርማ ሐሙስ ዕለት ጠጉሯን ተሠርታ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ተገኘች። ቀሚሱን ከታሸገው ካርቶን ፈልፍላ ያወጣችው ራሷ ናት። ልብስ ሰፊዋም «በዚህ ሳልፍ ነው» እያለች መጣች፤ ቤቷ በሌላ አቅጣጫ ነው። ወንበር ስለሌለ አራቱም ካርቶን ላይ ተደርድረው በሯን ያፈጡባት ጀመር። ሰዓት ሠሪዋን አንድ ሥጋት ያዛት። በሯ ተከፍታ ባዶ ብትሆንስ?

አሥር ሰዓት ሆነ። ሰዓቱ ደወለ። ከውስጥ መዘውሮቹ ቀጭ ብለው አንድ ጥርስ ሲራመዱ ተሰማ። በሯ ግን ንቅንቅ አላለችም።

አንድ ደቂቃ ጠበቁ። አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ልብስ ሰፊዋ ሳል ሳል አላት።

«አልነገርኳችሁም?» አለች እናት እየሳቀች። «ሞቶም አይናገርም እኮ!» ብላ ተነሣችና ማድ ቤት ገባች። የተጠቀለሉትን ሳህኖች ፈትታ እንደገና ስትጠቀልላቸው ይሰማ ነበር።

ሰዓት ሠሪዋ ራሷን ረገመች። እናቷ ተስፋዋን ከቆረጠች ቆይታ ነበር፤ እሷ ናት የሞተውን ቀስቅሳ ዳግመኛ የገደለችባት። በንዴት የጎኑን መዝጊያ ከፈተች። ቁጥሩ ትክክል ነው። ቀኑም ትክክል ነው። እንግዲያው መዘውሮቹን ራሳቸውን ልጠይቅ ብላ ቀይ ነጥቦቹ አናት ላይ ለመድረስ ስንት ጥርስ እንደቀራቸው ቆጠረች። ባለስልሳ አንዱ አሥራ ስድስት፣ ባለስልሳ ሰባቱ ሠላሳ አምስት፣ ባለሰባ አንዱ ሰባት።

ከሰባቱ ጀመረች። ይህ መዘውር ከሰባት ሰዓት በኋላ አናት ይደርሳል፤ ከዚያ ሰባ አንድ እየጨመረ ይመለሳል። ሰባ ስምንት፣ መቶ አርባ ዘጠኝ፣ ሁለት መቶ ሃያ... እያንዳንዱን ለስልሳ አንድ እያካፈለች አሥራ ስድስት የሚተርፈውን ፈለገች። ስምንተኛው ላይ አገኘችው፤ አምስት መቶ አራት። ለስልሳ ሰባት ስታካፍለው ልክ ሠላሳ አምስት ተረፈ። ሦስቱም ተስማሙ።

አምስት መቶ አራት ሰዓት ማለት ሃያ አንድ ቀን ነው። አንድ ሰዓት አይጎድለው፣ አንድ ሰዓት አይተርፈው። እሷም ሙያዋ ነውና ገባት። ሰዓት ሲያረጅ ይዘገያል፣ ሲቆሽሽ ይዘገያል፤ ልቅም ያለ ሃያ አንድ ቀን ግን አይዘገይም። ይህ የሰው እጅ ነው። ያውም ሁለተኛውን ሕግ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እጅ።

ማድ ቤት በር ላይ ሄዳ ቆመች። «እማዬ፣ አባዬ አልዋሸም። ሰዓቱን አንድ ሰው ሃያ አንድ ቀን አቁሞታል።»

ሳህን መጠቅለሉ ቆመ። እናት የያዘችውን ሳህን ካርቶን ውስጥ አስገባች።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «የሞተ ጊዜ ነው። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ሄዶ፣ አንቺ አራስ ቤት፣ ወንድምሽ መንገድ ላይ፣ ብቻዬን ቀረሁ። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ሲል እሱ ሳሎን ያለ ይመስለኛል። አንድ ቀን ጧት ቁርስ አቅርቤ ‘ና ብላ እንጂ’ ብዬ ተጣራሁ። ዝም አለኝ። ዱሮስ መቼ መልሶልኝ ያውቃል? ሁለት ሳህን አቅርቤ፣ እንጀራዬን ቆርሼ...» አለችና ፊቷን አዞረች። «ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ተነሥቼ ፔንዱለሙን በእጄ ያዝኩት። ሦስት ሰዓት ነበር።»

«ለምን መልሰሽ ለቀቅሽው?»

«ቤቱ ጭር አለብኛ! የሱ ዝምታ እኮ ድምፅ ነበረው። በሃያ አንደኛው ቀን ጧት ቁጭ ብዬ ሦስት ሰዓት እስኪሞላ ጠብቄ ለቀቅኩት። ጠቋሚውን በጣቴ አልነካሁም፤ እሱንስ እንዳትይኝ!» አለች በቀሚሷ እጅጌ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ስትጠይቂኝ አፈርኩ። ሕጉን የሻርኩት እኔ ነኝ እንዴት ልበል?»

ልጅቷ እናቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ሳቀችም። ወንድምየው ግን ካቻቢቴውን አንሥቶ ወደ ሰዓቱ ሄደ። «ይህን ሁሉ ከምንጨነቅ ፈልቀቅ አድርገን አናያትም?»

«ተው!» አለች እናት፤ ጩኸቷ ልብስ ሰፊዋን ከካርቶኑ ላይ አስነሣት። «ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ከአፉ ልሰማው ነው። ኪሱን ልበረብር አይደለም!»

«እማዬ፣ መኪናው ነገ ጧት ነው እኮ።»

«ይሂዳ! ዕቃዬን ውሰድ። ለእኔ ፍራሼን፣ አንድ ወንበርና አንድ ድስት ተውልኝ። ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ናና ውሰደኝ። አከራዩን እኔ አናግረዋለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ አፍ አልቸገረኝም።»

አናገረችው። ሰውየው ሁለት ጊዜ «ግን...» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ።

ሃያ አንዱ ቀን አለቀ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ፤ ያቺም ሐሙስ በእግሯ መጣች። ወንድምየው ከረጅም መንገድ ከነአቧራው ደረሰ፣ ልብስ ሰፊዋ «በዚህ ሳልፍ» ብላ ደረሰች። ባዶ ቤት ውስጥ የሰዓቱ ድምፅ እንደ መዶሻ ያስተጋባል። እናት ብቸኛዋ ወንበር ላይ፣ በሰማያዊ ቀሚሷ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

አሥር ሰዓት ደወለ። ቀጭ። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሌላ ትንሽ ቀጭታ ተከተለ፤ በሯም ከላይ ወደ ታች እንደ አፍ ተከፈተች። ከውስጥ ትንሽ የናስ ሰሌዳ ብልጭ አለች።

«ተጽፎበታል!» አለ ወንድምየው።

«ማንም እንዳያነብ!» አለች እናት ተነሥታ። «የኔ ነው።» ቀረብ ብላ ዓይኗን አጠበበች። ራቅ ብላ ዓይኗን አጠበበች። «መነፅሬስ?»

መነፅሯ ከዕቃው ጋር ተጭኖ ከሄደ ሃያ ቀን ሆኖታል።

ሰዓት ሠሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከኪሷ የሙያዋን አጉሊ መነፅር አወጣች፤ ያቺን ዓይን ላይ የምትሰካዋን፣ አባቷ ሲሠራባት የኖረውን። እናት ዓይኗ ላይ ሰክታ፣ አፍንጫዋ ናሱን እስኪነካ ተጠጋች። ሠላሳ ሦስት ዓመት የፈጀው መልስ ሁለት ፊደል ነበር።

«አ... ዎ» አለች። ቀና አለች። «አዎ?»

ወደ ልጆቿ ዞረች።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ለ‘አዎ’? ፊደል አለቀበት?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ልቅሶው መልሶ ሳቅ። «አዬ የኔ ቁልፎ! አዎ ብሎኛል! ሰማችሁ? አዎ ብሎኛል!» ልብስ ሰፊዋ መሐረቧን አጥታ በሜትሯ ጫፍ እንባዋን ጠረገች።

ወንድምየው ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ወደ ፔንዱለሙ እጁን ዘረጋ። «እንግዲህ አሁን እናቁመው። ሌላ ጥርስ ከተራመደ ትዘጋለች። እንደተከፈተች ትኑር።»

እናት እጁን በጥፊ መታችው። «አርፈህ ተቀመጥ! አንዴ ተናግሯል፣ በቃ። መደጋገም አይወድም።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ለምን ያህል ጊዜ ነው የምትቆየው?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እማዬ።»

«በይ መርፌሽን አምጪ።»

ሰዓት ሠሪዋ ብረት መጫሪያዋን ሰጠቻትና ባትሪ ያዘችላት። እናት አጉሊ መነፅሩን ዓይኗ ላይ እንደሰካች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ አውጥታ፣ ከ«አዎ» ሥር ትጭር ጀመር። ናስ መጫር ስላልለመደች ሦስት ፊደል ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ልጅቷ ከጎኗ ሆና አነበበችው፤ «እኔም» ይላል። ያን ጊዜ ነው እናቷም በዘመኗ ሁሉ ስትጠይቅ እንጂ ስትናገር ሰምታት እንደማታውቅ ልብ ያለችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲደወል በሯ ቀጭ ብላ ተዘጋች።

«በይ አሁን ፍቺው» አለች እናት። «ይዤው እሄዳለሁ። ስትገጥሚው ነጥቦቹን አሁን ባሉበት መልሺያቸው፣ አንድ ጥርስ እንዳትስቺ።»

ወንድምየው የመጀመሪያውን ብሎን እያላላ ዞር አለ። «እማዬ፣ ለመሆኑ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

እናት ኮቷን እየቆለፈች በሯን በጣቷ አሳየችው።

«ቀኑ ሲደርስ እሱ ይነግርሃል።»